ጋኑን የደገፈውን ጠጠር ማን ጫነው?

ወገኔ፣ በዚህ ገጽ ላይ ስለ ወሰን ጽፈናል፣ ስለ ታሪክ ጽፈናል፣ ስለተፈናቀለ ወገናችን ጽፈናል። ልክ ነበርን፤ አሁንም ልክ ነን። ዛሬ ግን የምጽፈው ስለ ጠጠር ነው። አትሳቅ። ስለ ገረጋንቲ፣ ስለ ድንጋይ ካባ፣ ከመንደርህ ጀርባ ባለው ጋራ ሆድ ውስጥ ገብቶ ስለሚቆፍረው ኤክስካቫተር ነው የምጽፈው። «ይሄ ደግሞ የትግል አጀንዳ ነው እንዴ?» ብለህ ልታልፈው ከሆነ እሺ፣ እለፈው። ግን ማታ ቤት ስትገባ እናትህን አንድ ነገር ጠይቃት፤ «ዘንድሮ የጉድጓዱ ውሃ የደረቀው መቼ ነው?» በላት። መልሷን ከሰማህ በኋላ ተመልሰህ ትመጣለህ።

ርስት ርስት እንላለን። ርስት ማለት ካርታ ላይ የተሰመረ መስመር ብቻ ነው? አያቶቻችን ርስት ሲሉ አፈሩን፣ ሣሩን፣ ምንጩን፣ ከምንጩ በላይ ያለውን ጋራ ጭምር ነበር የሚሉት። ዛሬ ለአንዲት ስንዝር ድንበር ከገዛ ወንድሙ ጋር ስድስት ዓመት ፍርድ ቤት የሚመላለስ ሰው፣ ሙሉ ጋራ በሲኖትራክ ተጭኖ ሲሄድ በሩ ላይ ቆሞ ከዓይኑ አቧራ ይጠርጋል። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ይህን ነው የምከስሰው።

ከባሕር ዳር ተነስተህ በመሸንቲ፣ በመራዊ፣ በዳንግላ አድርገህ ወደ እንጅባራ ሂድ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ አናታቸው እንደ ድፎ ዳቦ ያበጠ ክብ ክብ ጉብታዎች ታያለህ። እነዚህ የእሳተ ገሞራ ልጆች ናቸው። ከጣና በስተደቡብ ያለው ምድር በመሬት ዕድሜ ሲለካ ትናንት በሚባል ጊዜ ላቫ የፈሰሰበት ነው። ጣናን ከደቡብ በኩል ገድቦ የያዘው ይኸው ላቫ ነው። ጢስ ዓባይ የሚወረወርበት ጥቁር ገደልም ከዚሁ ድንጋይ ነው። እንጅባራ አጠገብ ያለው የዘንገና ሐይቅም እሳቱ ራሱ የቆፈረው ጉድጓድ ነው። ጉብታዎቹ ደግሞ ያ እሳት እየተፋ የከመራቸው ቀይና ጥቁር፣ ቀላል፣ ቀዳዳ የበዛባቸው ድንጋዮች ናቸው። መሐንዲሱ ስኮሪያ ይለዋል። ኮንትራክተሩ ገረጋንቲ ይለዋል። ለመንገድ ሙሌት፣ ለብሎኬት፣ ለግቢ ንጣፍ የማይሆንበት ቦታ የለም። ለመቆፈር ቀላል ነው፣ ድማሚት እንኳን አይፈልግም። ለዚህ ነው ሁሉም የሚወደው።

አንዱን አንስተህ እጅህ ላይ አገላብጠው። ስፖንጅ ነው። ክረምት ሲገባ መረሬ መሬት ላይ የወደቀው ዝናብ እየጋለበ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ እነዚህ ጉብታዎች ላይ ግን ጎርፍ አታይም ማለት ይቻላል። ይጠጡታል። ውሃው በቀዳዳው እየተንጠባጠበ ይወርዳል፣ ከሥር ጥቅጥቅ ያለ ድንጋይ ወይም ሸክላ አፈር ሲያገኝ ቁልቁል መሄዱን ትቶ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ከጋራው ግርጌ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ሐምሌ ላይ የገባ ጠብታ አንዳንዴ የካቲት ላይ፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ነው አንተ ዘንድ የሚደርሰው። ጋራው ክረምት የተሰጠውን ለበጋ የሚያስቀምጥ ጋን ነው ማለት ነው። «ጋን በጠጠር ይደገፋል» ሲባል አልሰማህም? እዚህ እኮ ጋኑ ራሱ ጠጠር ነው።

የባሕር ዳር ልጅ ሆይ፣ አንተም «ይሄ የገጠር ጉዳይ ነው» እንዳትል። ጣና ዳር ተቀምጠህ ከቧንቧ የምትጠጣው የጣናን ውሃ አይደለም። ከተማዋ የኖረችው በኢንፍራንዝ በኩል በሚፈልቁ ምንጮችና በጥልቅ ጉድጓዶች ነው፤ ከእነዚያው ቀዳዳ ከበዛባቸው የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ውስጥ በሚወጣ ውሃ። የሐይቅ ዳር ከተማ የከርሰ ምድር ውሃ ስትጠጣ አስበው። የጋራው ሆድ ተቀደደ ማለት የአንተ ማንቆርቆሪያ ተቀደደ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጉድጓዱ ልውሰድህ። አንድ የማውቀው ቀበሌ አለ። ስሙን አልጠራም፣ የድርጅቱንም ስም አልጠራም፤ ስም ከተጠራ ነገሩ የአንድ ሰው ክስ ይሆንና ይድበሰበሳል፣ የኔ ጉዳይ ደግሞ ከአንድ ድርጅት በላይ ነው። መንገድ ሊሠራ መጣ ተባለ፤ ደስ አለን፣ እልልታም ነበር። ለመንገዱ ገረጋንቲ ያስፈልጋልና ከመንደሩ በላይ ያለው ጋራ ተከፈተ። የመጀመሪያው ዓመት ጎኑ ብቻ ተላጠ። በሁለተኛው ዓመት ወደ ታች ወረዱ። በሦስተኛው ዓመት የካባው ወለል ላይ ውሃ አቆረ። ሰማያዊ፣ ጥርት ያለ ውሃ። ልጆች ተደሰቱ፣ ዋናተኛ ሆኑ። ድርጅቱ ደግሞ ሥራው እንዳይቆም ፓምፕ አምጥቶ ውሃውን ወደ ቦይ መድፋት ጀመረ። ሌሊትና ቀን።

የአጎቴ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ከካባው በታች ነው። ጥልቀቱ ዘጠኝ ሜትር ነበር፣ ግንቦት ላይ እንኳን ባልዲ አያሳፍርም። ፓምፑ በተተከለ ዓመት የካቲት ላይ ባልዲው ጭቃ ይዞ ወጣ። ሁለት ሜትር ጨምሮ አስቆፈረ፤ ለአንድ ወር ሠራና ደረቀ። ከዚያ በታች ቋጥኝ ነው። ወደ ፎርማኑ ሄዶ «ውሃዬን ወሰዳችሁት» ሲለው «አባቴ፣ የእርስዎ ጉድጓድ ከኛ ጋር ምን ያገናኘዋል? ስንት መቶ ሜትር እኮ ይርቃል» አለው። በአክብሮት ነው ያለው፤ አልሰደበውም። ችግሩም እሱ ነው፤ ፎርማኑ የእውነቱን ነው፣ አያውቅም።

የሚያገናኘውን ግን የጣና ዳር ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ዳርቻው ላይ እርጥብ አሸዋ ቆፍር። ከጎንና ከጎን ውሃ እያንጠባጠበ ይሞላል። በእጅህ እየዛቅህ አፍስስ፤ እንደገና ይመጣል። ከየት መጣ? ከዙሪያው። አንተ በዛቅህ ቁጥር በዙሪያው ያለው አሸዋ ይደርቃል። ካባውም እንደዚያው ነው። ወለሉ ከከርሰ ምድር ውሃው ወለል በታች ሲወርድ ዙሪያው ያለው ውሃ ሁሉ ወደ እሱ ያዘነብላል፤ ፓምፑ እየሳበ ሲደፋው ደግሞ ዝንባሌው እየሰፋ ይሄዳል። መጀመሪያ ምንጩ ይቀጥናል፣ ቀጥሎ ጥልቀት የሌላቸው የእጅ ጉድጓዶች ይደርቃሉ፣ በመጨረሻ ጥልቁ ጉድጓድ። የድሃው ጉድጓድ ሁሌም ከላይ ነውና ሁሌም ቀድሞ ይደርቃል።

«ዝናቡ ቀንሶ ቢሆንስ?» ይሉሃል። ሊሆን ይችላል! እኔ ጋራ የሚለምን አማኝ እንጂ ጠንቋይ አይደለሁም። ግን ካባው ከመከፈቱ በፊት የአጎቴ ጉድጓድ ውሃ ስንት ሜትር ላይ እንደነበር ማን ለካ? ማንም። የምንጩን ፍሰት በሰከንድ ስንት ሊትር እንደሆነ ማን መዘገበ? ማንም። ካልተለካ አይረጋገጥም፣ ካልተረጋገጠ አይካስም። ይህች አለመለካት ዝም ብላ የተፈጠረች እንዳትመስልህ፤ ለማን እንደምትጠቅም አስብ።

መንገዱ አለቀ። ሪባን ተቆረጠ። ድርጅቱ ማሽኑን ጭኖ ሄደ። ፓምፑም ሄደ። ጉድጓዱ ቀረ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «እንግዲያውማ ጥሩ ነው፣ ኩሬ ሆነ፣ ከብት ይጠጣበታል» ይላል። እስኪ አብረን እናስላ፣ ሒሳቡ ከባድ አይደለም። በባሕር ዳር አካባቢ በዓመት የሚዘንበው በአማካይ ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ነው፣ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም። ከተገለጠ ውሃ ላይ ፀሐይና ነፋስ የሚወስዱት ደግሞ በዓመት ወደ 1,600 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። አንድ ሄክታር ኩሬ ላይ 14,000 ሜትር ኩብ ይዘንባል፣ 16,000 ሜትር ኩብ ይተናል። ልዩነቱ 2,000 ሜትር ኩብ ነው። ኩሬው ግን አይደርቅም፤ ለምን? ጉድለቱን ከዙሪያው ከርሰ ምድር እየጠባ ስለሚሞላ። 2,000 ሜትር ኩብ ማለት በ20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር መቶ ሺህ ጀሪካን ነው። በየዓመቱ። ከአንድ ሄክታር። ያ ጋራ ሳይነካ ቢቀር ኖሮ ግን ከዝናቡ አንድ ክፍል አስርጎ ይሰጥህ ነበር እንጂ አይቀበልህም ነበር። ሰጪ የነበረውን ተቀባይ አደረግነው። እህቴ ሆይ፣ አንቺ ጀሪካን ተሸክመሽ ሁለት ሰዓት ስትሄጂ ፀሐይ በነፃ የምትጠጣው ያንቺን ድርሻ ነው።

ይህም ንጹሕ ሆኖ ከቀረ ነው። ንጹሕ ሆኖ አይቀርም። የተከፈተ ጉድጓድ ያየ ሰው ሁሉ ቆሻሻ መጣያ ይመስለዋል። ጋሪው ያራግፋል፣ ማዘጋጃ ቤቱም ያራግፋል፣ ሲኖትራኩ እዚያው ዘይት ይቀይራል፣ የሞተ አህያ ይጣላል። ድሮ ዝናቡ ከአናቱ እስከ ውሃው ድረስ ሃያ፣ ሠላሳ ሜትር አፈርና ድንጋይ እያለፈ ይጣራ ነበር። አሁን ያ ሁሉ ወንፊት ተነስቷል፤ ቆሻሻውና ውሃው ፊት ለፊት ተገናኝተዋል። ስኮሪያ ደግሞ ውሃን በፍጥነት እንደሚያሳልፍ ሁሉ መርዝንም በፍጥነት ያሳልፋል፤ አያዳላም። ከጋራው ግርጌ ያለውን ምንጭ ጠበል ብለን ልጆቻችንን የምናጠምቅበት፣ ታማሚ የምናጠጣበት ሕዝብ ነን እኮ! ግሽ ዓባይን በባዶ እግራችን የምንረግጥ ሕዝብ ከምንጭ በላይ የናፍጣ በርሜል ሲገለበጥ እንዴት ዝም ይላል?

ስለሚሰምጡ ልጆች አልጽፍም። ታውቁታላችሁ። ክረምት ሲገባ ውሃ ባቆረ ካባ ውስጥ ስንት እናት ልጇን እንዳጣች እያንዳንዱ አካባቢ የራሱ አለው። አጥር የለ፣ ምልክት የለ፣ ዳሩ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው፤ የገባ አይወጣም።

አሁን «ሕግ የለም እንዴ?» ትላለህ። አለ። እኛ ጋ የጠፋው ጠያቂ ነው። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ እንዲያቀርብ፣ የሚጎዳውን መሬት መልሶ ለማቋቋም የሚውል ገንዘብም እንዲመድብ ያስገድዳል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ያ ሰነድ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና የሚነካው ማኅበረሰብ አስተያየት እንዲካተት ያዛል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል፤ አንቀጽ 92 ደግሞ ፕሮጀክት ሲታቀድ የሚነካው ሕዝብ እንዲመክርበት ይላል። ሌላም አለ፤ ይህን በተለይ ያዙት። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው፣ «እኔ በግሌ ተጎድቻለሁ» ማለት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ሰው ላይ አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ይደነግጋል። ማለትም አንተ የዚያ ቀበሌ ነዋሪ ባትሆን እንኳን ትችላለህ። ይህን መብት ስንቶቻችን ተጠቅመንበታል? ከአንድ እጅ ጣት አንበልጥም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ቀዳዳ አለ። ያው የማዕድን አዋጅ ባህላዊ ማዕድን ማምረት ለሚባለው፣ በአካፋና በዶማ ለሚሠራው፣ የተፅዕኖ ግምገማውን ግዴታ አይጭንም። ደግ ነው፤ በዶማ የሚቆፍር ድሃ ጥናት ከየት ያመጣል? ነገር ግን በኛ አገር ምን ይደረጋል? አሥር ወጣት ይደራጃል፣ የማኅበር ማኅተም ይቀረጻል፣ በባህላዊ ስም ፈቃድ ይወጣል። በሦስተኛው ወር ኤክስካቫተር ይገባል። ማሽኑ የማን ነው? የማኅበሩ አይደለም። ወጣቶቹ በየጭነቱ ጥቂት ብር ይቀበላሉ፣ ትልቁ ብር ማሽኑን ይዞ ለመጣው ሰው ይሄዳል። ጥናት የለ፣ ዕቅድ የለ፣ የተቀመጠ ገንዘብ የለ። ጉድጓዱ ሲጠየቅ «የወጣቶቹ ነው» ይባላል።

እንግዲህ እዚህ ላይ መራራውን ልንገርህ። ይህን ጉድጓድ የቆፈረው ባዕድ አይደለም። ሁልጊዜ ጣታችንን ወደ ውጭ መቀሰር ለምደናል፤ ብዙ ጊዜም ምክንያት አለን። በዚህ ግን አንዋሽ። የማኅበሩ ሊቀመንበር የኛ ልጅ ነው። ፈቃዱን የፈረመው የኛ ልጅ ነው። የሲኖትራኩ ሾፌር የዚህ ገጽ ተከታይ ነው፣ መስታወቱ ላይ የለጠፈውን ዓርማ አይቼዋለሁ። «ርስቴ» የሚል ዘፈን ከፍቶ ርስቱን ጭኖ ይሄዳል! ወንድሜ፣ እንጀራህን አልነካም፤ ሥራ አጥ ሆነህ ከመቀመጥ መሥራትህ ይሻላል። ግን ቢያንስ የምትጭነውን እወቀው።

ሌላም አሳፋሪ ነገር አለ። በየዓመቱ ጥር ሲገባ ገበሬያችን ለተፋሰስ ልማት ይወጣል። በነፃ። ለሳምንታት። እርከን ይሠራል፣ ቦይ ይቆፍራል፣ ድንጋይ ይክባል። ለምን? ዝናቡ እንዳይሮጥ፣ መሬት ውስጥ እንዲሰርግ፣ ምንጩ እንዲመለስ። እናቶች ሕፃን አዝለው ድንጋይ ሲያቀብሉ አይቻለሁ። በዚያው ወር፣ በዚያው ተፋሰስ፣ ከሸንተረሩ ማዶ ኤክስካቫተሩ ውሃ የሚያሰርገውን ጋራ ከሥሩ ይነቅላል። ሁለቱም በአንድ ወረዳ ሪፖርት ላይ «ልማት» ተብለው ይገባሉ። የግብርናው ባለሙያና የማዕድኑ ባለሙያ በአንድ ግቢ ነው የሚውሉት፤ ሻይ አብረው ነው የሚጠጡት። ካርታቸውን ግን አንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ ደራርበው አላዩትም።

«እና መንገድ አይሠራ? ቤት አይሠራ? ብሎኬት ከሰማይ ይውረድ?» የሚል አለ፣ ኮሜንቱን ከአሁኑ አየሁት። አይደለም። ጠጠር ያስፈልገናል። ከተሞቻችን ይስፉ፣ ገጠሩ መንገድ ያግኝ። ጠጠር ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ አውጥቶ ጉድጓድ ጥሎ መሄድ ሌላ ነው። ጠላ የጠመቀች ሴት እንኳን ጋኗን አጥባ ትደፋዋለች። እኛ የምንለው ካባ ሲከፈት አዘጋጉም አብሮ ይታቀድ ነው። ካለቀ በኋላ ተብሎ አይደለም፤ ካለቀ በኋላ ማንም የለም።

ታዲያ ትክክለኛ ዕቅድ ምን ይመስላል? ማንም ሰው ወረዳ ሄዶ መጠየቅ እንዲችል በቀላሉ ልንገርህ። አንደኛውና ዋናው ነገር ወለሉ ነው፤ ካባው ከከርሰ ምድር ውሃው ከፍተኛ ወለል በላይ መቆም አለበት፣ በመካከል ጥቂት ሜትር ያልተነካ ድንጋይ ትቶ። «ከፍተኛ» የምትለዋን ቃል አስምርባት። ተንኮሉ ያለው እዚያ ነው። ፍተሻው የሚደረገው ግንቦት ላይ፣ ውሃው ታች በወረደበት ወር ነው። «ደረቅ ነው» ተብሎ ይጻፋል። መስከረም ላይ ውሃው ብዙ ሜትር ሽቅብ ሲመጣ ወለሉ ኩሬ ይሆናል። ስለዚህ ልኬቱ ከክረምቱ ማግሥት፣ በመስከረምና በጥቅምት መሆን አለበት። በካባው ዙሪያም ለመለኪያ ብቻ የሚያገለግሉ ቀጫጭን ጉድጓዶች ይቆፈሩ፣ በየወሩ ይለኩ፣ መዝገቡም ቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

ከዚያ አፈሩ አለ። አንድ ሄክታር ላይ ያለውን የላይኛውን 30 ሴንቲ ሜትር ለም አፈር ብትገፍ 3,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህ አፈር በሺህ ዓመት የተሠራ ነው፤ ዛሬ ግን ከገረጋንቲው ጋር ተደባልቆ መንገድ ሥር ይቀበራል ወይም ገደል ይገፋል። ለብቻው ተገፎ፣ ለብቻው ተከምሮ፣ ሣር ለብሶ መቆየት አለበት፤ መጨረሻ ላይ ተመልሶ የሚለብሰው እሱ ነው። ያለሱ ሺህ ችግኝ ብትተክል ለፎቶ ብቻ ነው።

ጎኑም እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ መቅረት የለበትም፣ ከብት ሊወጣበት በሚችል ዳገት ተስተካክሎ፣ ከላይ ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ተሠርቶለት፣ ደሾ ሣር ይተከልበት። ሲኖትራክ ለዓመታት የጠቀጠቀው ወለል ውሃ አያሳልፍም፤ በዶዘር ጥፍር ተቧጥጦ መታረስ አለበት፣ አለበለዚያ ስፖንጁን አፉን ደፍነኸው ሄድክ ማለት ነው። «እንሙላው» የሚሉም አሉ፤ በምን? በከተማ ቆሻሻ ከሆነ መርዝ ነው፣ በመረሬ አፈር ከሆነ ደግሞ ክዳን ነው፣ ውሃ አያስገባም። ዛፉንም ቢሆን ባሕር ዛፍ ተክሎ «ለማ» ማለት የለም። ዋንዛ፣ ወይራ፣ ብሳና፣ ግራር አለን፤ የቤተ ክርስቲያኖቻችን ደኖች ዘራቸውን ጠብቀው አቆይተውልናል፤ ሄዶ መልቀም ነው።

ይህ ሁሉ ደግሞ ካባው ሳያልቅ በየክፍሉ ይሠራል። አንደኛው ክፍል ሲቆፈር ሁለተኛው አይከፈትም፣ ሁለተኛው ሲከፈት አንደኛው እየተዘጋ ይሄዳል። ገንዘቡስ? አንድ ሲኖትራክ 16 ሜትር ኩብ ይጭናል እንበል፣ በቀን 50 ጊዜ ቢመላለስ 800 ሜትር ኩብ ነው። ከእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ላይ አሥር ብር ብቻ በዝግ ሒሳብ ቢቀመጥ በቀን 8,000 ብር ይሆናል። ማንንም አያከስርም። ሒሳቡ ግን ከቀበሌው ነዋሪ የተመረጡ ሰዎች ካልፈረሙ የማይንቀሳቀስ ይሁን፤ ይህን ባልጨምር እናንተው ትስቁብኛላችሁ።

«ይሄ የፈረንጅ ሕልም ነው» ካልክ ጎረቤታችንን ኬንያን እይ። ሞምባሳ አጠገብ ባምቡሪ የሚባል ሲሚንቶ ፋብሪካ የኮራል ድንጋይ ሲቆፍር ኖሮ ምድረ በዳ ጥሎ ነበር፤ ሙቀቱ የሚያቃጥል፣ የሥሩ ውሃ ጨው የሆነ፣ ሣር የማይበቅልበት ወለል። በ1971 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሬኔ ሀለር የተባለ የግብርና ባለሙያ እዚያ ዛፍ መትከል ጀመረ። የሞከራቸው አብዛኞቹ ዛፎች ሞቱ። ካዙሪና የምትባል ጨው የምትችል ዛፍ ተረፈች። ቅጠሏ አልበሰብስ ሲል የሺህ እግር ትል አምጥቶ ለቀቀባት፣ ትሉ ቅጠሉን እየበላ አፈር ሠራ። ዛሬ ያ ካባ ጫካ ነው፣ ቀጭኔና ጉማሬ የሚኖሩበት፣ ሰው ከፍሎ የሚገባበት መናፈሻ ነው። እነሱ በጨው ውሃና በባዶ ቋጥኝ ላይ ይህን ካደረጉ፣ እኛ በ1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ምን ያቅተናል? በትል መብለጥ አቅቶን ነው?

አንድ የመጨረሻ ክርክር ይቀራል። «አሁን ጊዜው አይደለም፣ ትልቅ ጉዳይ እያለ» የሚለው። ይህን የሚለኝ ብዙ ጊዜ የትግል ጓዴ ነው፤ አከብረዋለሁ። ግን ንገረኝ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ የምንመለሰው ወዴት ነው? ወደዚያ መንደር አይደለም? ምንጩ የደረቀ፣ ጋራው የተበላ፣ እናቱ ሁለት ሰዓት ውሃ ፍለጋ የምትሄድ መንደር ውስጥ ምን ዓይነት ወጣት ይቀራል? ተሰድዶ ያልቃል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» እያልን ስንት ዘመን አላዘንን? አሁን ግን ልጁን ያስጠማነው ራሳችን ነን። (የርብንና የጉማራን አሸዋ ጉዳይ ሆን ብዬ አልነካሁትም፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፣ እመለስበታለሁ።)

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የምንሠራው ይህ ነው። በየወረዳችሁ ሦስት ሦስት ሆናችሁ ወደ ማዕድን ጽሕፈት ቤት ሂዱ። በጨዋ ደንብ፣ በጽሑፍ ጠይቁ፤ በወረዳው ስንት ካባ አለ? የማን ነው? የተፅዕኖ ግምገማው የታል? ለመልሶ ማቋቋም የተመደበው ገንዘብ ስንት ነው፣ የት ባንክ ነው? ደብዳቤያችሁ ላይ ቁጥርና ማኅተም አስመቱ። ማንንም አትሳደቡ፣ ማንም ማሽን ላይ ድንጋይ እንዳይወረውር፤ አንድ መስታወት ቢሰበር የሚወራው ስለ መስታወቱ እንጂ ስለ ውሃው አይሆንም። ካባ ውስጥ የምትሠሩ ልጆችም አትሸሹ፤ የሚለማው ካባ ከሚቆፈረው ያላነሰ የሥራ ቀን አለው፣ መጀመሪያ የሚቀጠረው የቆፈረው ይሁን ብለን የምንጠይቀው ለእናንተ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ለሁላችሁም ነው፣ ብር አይፈልግም። ረዘም ያለ ገመድ ውሰድ፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ እሰር፣ በየግማሽ ሜትሩ ቋጠሮ አድርግ። ወደ ቤተሰብህ ጉድጓድ ልቀቀው። ውሃው ሲነካው ድምፁን ትሰማለህ፤ የደረቀውን ቋጠሮ ቁጠር። የጉድጓዱን አፍ ከፍታ ቀንስ፣ ቀኑን ጻፍ። ይህን በጥቅምት፣ በጥር፣ በሚያዝያ ድገመው። ቀበሌህን፣ ቀኑንና ሜትሩን በገጹ የመልእክት ሳጥን ላክልን፤ ስምህን አናወጣም። አጎቴ የመጀመሪያውን ልኬት ሰጥቶኛል፤ አሥራ አንድ ሜትር፣ ደረቅ።